ነጭ ክር የታሰረበት ሚሞሪ

ከጓሳው ደጋ ሥር ካሉት መንደሮች ለቅዳሜ ገበያ ወደ ቀየት ከተማ የሚወርዱ ሴቶች የጽናትን ሱቅ ሳይረግጡ አይመለሱም። ሱቅ ይባል እንጂ ከመርፌ፣ ከሳሙና፣ ከሻማና ከጨው በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለበትም። ሴቶቹን የሚስባቸው መደርደሪያው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ነው። ገብሳቸውን ሸጠው ሲያበቁ የበግ ጠጉራቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው ይገባሉ፤ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው እየፈተሉ የቻይና የፍቅር ፊልም ያያሉ። ንግግሩ ቻይንኛ ነው፣ ከሥሩ የሚሮጠው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ። ጽናት አሥረኛ ክፍል ስለጨረሰች ያነበበችውን እየተከተለች ወደ አማርኛ ትመልስላቸዋለች። ጽሑፉ ከቀደማትም ከተዋንያኑ ገጽታ እያነበበች ትሞላዋለች። ያን ጊዜ ጎረቤቷ ዘነቡ ትነቃባትና «እቺን እንኳ ከራስሽ ነው የጨመርሻት» ትላታለች።

ፊልም በመምረጥ ግን የሚከራከራት የለም። አንዷ መጥታ «ያችን ባለጃንጥላዋን ፊልም የሚመስል አለሽ?» ስትላት ጽናት ዝም ብላ አታነሣም፤ ትጠይቃለች። የወደድሽው ምኑን ነው? ወንዱ ሳይናገር ስድስት ዓመት መጠበቁን ነው ወይስ አማቲቱ ስትዋረድ ማየቱን? አማት ለከበደቻት አንድ አላት፤ ባሏ ለሥራ ወጥቶ ለቀረባት ሌላ አላት፤ ገና ላልተዳረችው ደግሞ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ብታየው የማያሳፍር መርጣ ታስቀምጣለች። ባሏ ይታየው ከበግ ጠጉር ባና የሚሠራ ሸማኔ ነው፤ ከጓዳ ሆኖ ይሰማትና «አንቺ እኮ የነፍስ አባት ሆነሻል፣ ሴቱ ሁሉ ላንቺ ይናዘዛል» ይላታል።

ፊልሙን ሚሞሪ ላይ የሚጭንላት ደመላሽ የሚባል ባለሞባይል ቤት ነው። ሚሞሪዋ ጥፍር የምታህል ስለሆነች ስም አይጻፍባትም፤ ቢጻፍባትም ከወሳጆቹ ብዙዎቹ አያነቡም። ስለዚህ ጽናት እያንዳንዷን ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ታስገባና በበግ ጠጉር ክር ታስራታለች። መጨረሻው ጋብቻ ከሆነ ነጭ ክር ነው፣ ሞት ካለበት ጥቁር፣ ተለያይተው በሕይወት የሚቀሩ ከሆነ ነጭና ጥቁር ተገምዶ። ሴቶቹ ይህንን ለምደውት «ዛሬ ጥቁር የምችልበት አንጀት የለኝም፣ ነጭ ስጪኝ» እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ጽናት መጨረሻውን በዓይኗ ሳታይ ክር አታስርም። ሕጓ ይህ ነበር፤ የሳተችውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የሳተችው በብርነሽ ነው። ብርነሽ የአክስቷ ልጅ ናት፤ አንድ ቤት ነው ያደጉት። ከአራተኛ ክፍል ወጥታ እድሜዋ ሲደርስ ከቀየት ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ መንደር፣ ከጓሳው ጫፍ፣ ተገኘ ለሚባል ሰው ተዳረች። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዋን ልጅ ስታምጥ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ አቆዩዋት። ልጁ ሞቶ ወጣ፤ እሷም ደም አላቆም አላት። በቃሬዛ ሲያወርዷት ጽናት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። ከቃሬዛው ሥር ወደ መሬት የሚንጠባጠበውን ዛሬም ድረስ ታየዋለች፤ ሳሙና ስትሸጥም፣ ልጇን አርሴማን ስታጥብም ድንገት ይመጣባታል። አዋላጇ ሲስተር የምሥራች በዚያን ቀን ብርነሽን አትርፋ ስታበቃ ጽናትን ወደ ጎን ጠርታ፣ የሚቀጥለው ቤት ውስጥ ከሆነ እኔ ዘንድ የምታመጡት በድን ነው ብላታለች።

አሁን ብርነሽ ወር ገብታለች። የጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ገብታ እንድትጠብቅ ለማሳመን ጽናት ዐቢይ ጾምን ሙሉ ፈጅታለች። አማቷ እትዬ ጌታነሽ ዘጠኝ ልጅ እዚያው ጎጆ ወልደዋል፤ ከሰው በር ሄዶ መውለድን እንደ ስደት ያዩታል። በመጨረሻ ብርነሽ እሺ አለች፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ልትወርድ ተቀጠረ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ሱቁ መጥታ «ሆዴ ፈርቷል ጽንዬ። ባለጃንጥላዋን የሚመስል ነጭ ስጪኝ፣ እስክወርድ ልቤን ያቆይልኝ» አለቻት።

መብራት ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ጽናት እጅ ላይ አንድ አዲስ ፊልም ነበር፤ ሴቶቹ ከጀግናዋ ራስ ጌጥ ተነሥተው ባለወለባዋ ብለዋታል። መብራቱ እስኪጠፋ ከሠላሳ ስድስቱ ክፍል ሃያ ሁለቱን አይታለች። ተዋናይዋ ያችው የባለጃንጥላዋ ናት፤ ወንዱም ያው ዝምተኛ ነው፤ የሚገናኙበት ድልድይ እንኳ አንድ ነው። እንዲህ የሚመሳሰል ነገር በመጨረሻው ምን ይለያያል ብላ ነጭ ክር አሰረችበትና ሰጠቻት። ብርነሽ እንግሊዝኛውን ባታነብም ሥዕሉን ታያለች፤ የጎደላትን ስትወርድ እነግራታለሁ ብላ ነበር ያሰበችው።

በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ገበያው ደምቆ ሳለ፣ ደመላሽ ሳሙና ሊገዛ ብቅ አለና ባለወለባዋን ጨርሳት እንደሆነ ጠየቃት። ገና ነኝ አለችው። እሱም እየሳቀ ሚስቱ በመጨረሻዋ ክፍል ሁለት ቀን አኩርፋው እንደዋለች፣ እሱ የሠራው ፊልም ይመስል እራት እንደከለከለችው አወራላት። ጽናት ሳሙናውን እንደያዘች ቆመች።

«ምን ሆነው ነው?»

«ትሞታለቻ። በወሊድ። ሐኪሞቹ አንድ ክፍል ከተቷትና በሩን ዘጉባት፤ ባልየው ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። ሲከፈት ጨርቅ ተሸፍናለች።»

ጽናት ሳሙናውን አልሰጠችውም፤ መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። በሐኪም እጅ፣ በተዘጋ በር፣ በወሊድ። ብርነሽ ጾሙን ሙሉ የፈራችው ይህንኑ ነው፤ ጽናትም ጾሙን ሙሉ ከልቧ ስትነቅል የከረመችው ይህንኑ ነው። አሁን በነጭ ክር አስራ በገዛ እጇ ሰጥታታለች። የብርነሽ ባል የተገኘ ስልክ ላይ ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም። ከብርነሽ መንደር ገበያ የወረደች ሴት ፈልጋ ጠየቀች። ሴትዮዋ ብርነሽ ሐሙስ ዕለት ቤቷ ሴት ሰብስባ ስልክ ስታሳይ እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ከደጅ እንዳላየቻት ነገረቻት።

አርሴማን ለባሏ፣ ሱቁን ለዘነቡ ሰጥታ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣች። ዘነቡ ነጠላዋን እያቀበለቻት፣ ጉሙ ሊወርድ ነው፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ብትሄጂስ አለቻት። ጽናት ነገን እንኳ ማሰብ አልቻለችም። ጓሳውን ስትይዘው ጉሙ እውነትም ወረደ፤ ከፊቷ አሥር እርምጃ አይታይም። በረዶ ያዘለው ነፋስ ሣሩን ወደ አንድ ወገን እያስተኛ ያልፋል። የሆነ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮ ይጮሃል፤ ድምፁ የሴት ልቅሶ ይመስልና ቀጥ ያደርጋታል። መንደሩ ለቅሶ ተቀምጦ ቢሆንስ? ምጡ ቀድሞ መጥቶ፣ ፈርታ ዝም ብላ፣ አማቷ ጓዳ ውስጥ ደብቀዋት ቢሆንስ? እየሮጠች ትጸልያለች፤ ጸሎቷ ግን ቅጥ አልነበረውም። ማርያምን ከለመነች በኋላ ወዲያው ስልኩ ባትሪ እንዲያልቅበት፣ ስልኩን የሚሞላው ሶላር በጉሙ ምክንያት እንዳይሠራ፣ ሚሞሪዋ እንድትበላሽ ትለምናለች።

ብርነሽን እሳት ዳር አገኘቻት፤ ሆዷ ከፊቷ ተቆልሏል። ስልኩ ጉልበቷ ላይ ነው። ጽናት ግን ቀድማ ያየችው ስልኩን አይደለም። በሆሣዕና ሰሞን አብረው የቋጠሩት ጓዝ፣ የሕፃኑ መጠቅለያና የብርነሽ ጋቢ ያሉበት፣ ተፈትቶ ጋቢው መደቡ ላይ ተነጥፏል።

እትዬ ጌታነሽ ከጓዳ ብቅ ብለው እንደ ወጉ ከእነቤተሰቧ ጠየቋት። የሚቀመስ አቀረቡላትና ከፊቷ ተቀመጡ። ጽናት እስክትጀምር አልጠበቋትም፤ ፊልሙን ሰባት ሴት ሆነው እንዳዩት፣ እሳቸውም መነጽር ባይኖራቸውም ተጠግተው እንዳዩት ነገሯት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ። ዓይን ግን አለኝ። ያቺ ልጅ በእግሯ ገባች፣ በሰው ትከሻ ወጣች።»

ጽናት ያላትን ሁሉ አወጣች። ፊልም ነው፣ ደሙም ቀለም ነው አለች። ሞተች የተባለችው ሴት የባለጃንጥላዋ ተዋናይ ራሷ እንደሆነች፣ ያንንም ከዚህኛው በኋላ እንደሠራችው፣ በደኅና እንዳለች፣ ጉንጯ ላይ ያለውን ምልክት እያሳየች አስረዳች።

እትዬ ጌታነሽ በጥሞና ሰሙና «እንግዲህ ሞታ ተነሥታ ነው የተዳረችው። ቻይና ጠበሉ ይሠራል ማለት ነው» አሉ። ብርነሽ ጥርሷን አላሳየችም። ለሠላሳ ሴት ፊልም መምረጥ የሚያውቀው የጽናት አንደበት ለአንዷ የአክስቷ ልጅ አልሠራ አላት።

ያን ጊዜ ብርነሽ ስልኩን ከፍታ የመጨረሻዋን ክፍል አወጣች። ሞቱን አላሳየቻትም፤ ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ምንጣፍ የተነጠፈበት ረጅም አዳራሽ ነው፣ በሩ ተዘግቷል፣ ደንገጡሮቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ባልየው ቆሟል።

«አፋቸውን እዪ» አለች ብርነሽ። «ሦስት ጊዜ አየሁት። ቋንቋቸውን ባላውቅም አፍ አውቃለሁ። እሷ ውስጥ ትጮሃለች፣ ደጅ ያሉት ሃያ ሰው ናቸው፣ አንድም አፍ አይንቀሳቀስም። አንድ ሰው እንኳ ማርያም አላለላትም። በዚህ ዓይነት ማን ይተርፋል?»

ጽናት ስልኩን አየች። እውነት ነው፤ አንድም አፍ አይንቀሳቀስም።

«በፊተኛው ልጄ እንኳ» አለች ብርነሽ፣ «መንደሩ ደጅ ቆሞ ማርያም ማርያም ሲል ሰምቼ ነው ነፍሴ የቆየችው። እዚያ ጤና ጣቢያ በሩ ሲዘጋ ማን ይላል? እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ አርሴማን ስትወልጂ ማን አለልሽ?»

ጽናት አርሴማን የወለደችው በዚያው ጤና ጣቢያ ነው። በሩ ዝግ ነበር። ደጅ ላይ ጫጫታ አይፈቀድም ተብሎ እናቷንና ጎረቤቶቿን ከግቢው አጥር ውጭ አስቁመዋቸው ነበር፤ ግድግዳውን እያየች ነው የወለደችው። ያን ጊዜም ፈርታለች፤ ለማንም አልነገረችም እንጂ። አሁን «ይሉልሻል፣ እኔ አለሁ» ብትላት ብርነሽ ታምናታለች፤ ጓዟን ቋጥራ ትከተላታለች። ይህም መጨረሻውን ሳያዩ ነጭ ክር ማሰር ማለት ነው። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ማንም አላለልኝም» አለች። «በሩ ዝግ ነበር። ላንቺ ይፈቅዱ እንደሆነ አላውቅም። ጠይቄ የሚሉኝን ነው የምነግርሽ፤ ካልፈቀዱም አልፈቀዱም እልሻለሁ።»

እትዬ ጌታነሽ ቀና ብለው አዩዋት።

ስልክ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ጽናት ብቻዋን ወጣች። ቁጥሩን ሁለቴ ሳተችው። ሲስተር የምሥራች ስታነሣ መጀመሪያ የተናገረችው፣ ያቺ ሴት እስካሁን ቤቷ ምን ታደርጋለች የሚል ነበር። ጽናት ነገሩን ነገረቻት። ሲስተር ተቆጣች፤ ፊልሙን ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። ሌሎች ሕሙማን አሉ፣ ደጁ ገበያ አይሆንም፣ መጀመሪያ አምጪያትና ከዚያ እንነጋገራለን አለች።

«መጀመሪያ ላመጣት አልችልም ሲስተር» አለች ጽናት። «ሳላረጋግጥ አንድ ጊዜ ሰጥቻታለሁ። ቃልሽን ካልያዝኩ ከዚህ አልወርድም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አነሣች፤ አልተቋረጠም። በመጨረሻ ሲስተር የምሥራች፣ እሷ ራሷም የገጠር ልጅ መሆኗን፣ እናቷም በማርያም ስም እንደተገላገሉ እንደ ዋዛ አድርጋ ተናገረችና ፈቀደች። አራት ሴት ደጁ ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ አንዲት ሴት ውስጥ፣ እጇን ታጥባ። ከዚያ በላይ አንድ ሰው ቢመጣ በዘበኛ ነው የማስወጣው አለች።

ጽናት ወርዳ ይህንኑ፣ አራቱንም፣ አንዷንም፣ ዘበኛውንም፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረች። ብርነሽ አማቷን አየች። እትዬ ጌታነሽ እሳቱን ትንሽ ከቆሰቆሱ በኋላ፣ ከአራቱ አንዷ እሳቸው ከሆኑ ነገሩን እንደሚያስቡበት ተናገሩ። ጋቢውን ከመደቡ አንሥተው ያጠፉትም እሳቸው ነበሩ።

ሰኞ ብርነሽ በበቅሎ ወረደች። ምጡ የመጣው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ጽናት እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ገባች። ከደጅ እትዬ ጌታነሽ፣ ዘነቡና ከአግዳሚው ደንበኞች ሁለቱ ቆመዋል። «ማርያም ማርያም» የሚለው ድምፅ በበሩ ሥር እየገባ ከእግራቸው ይደርሳል፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ንብ ቀፎ ውስጥ የሚያሰማውን ይመስላል። ብርነሽ የጽናትን እጅ ጨምድዳ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላለች። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሕፃኗ ወጣች፤ አለቀሰች። ከደጅ ያሉት የሕፃን ድምፅ ሲሰሙ የሲስተርን ትእዛዝ ረስተው እልልታቸውን አቀለጡት፤ ከዚያም እንደ ወጉ ዝም አሉ፤ ማርያም የሚለው ልመና ለመገላገል ነው፤ ተገላግላለች።

ጽናት ያን ጊዜ ወደ ታች አየች። አንሶላው ላይ ያለው ደም እየሰፋ ነበር። ቃሬዛውን አስታወሰች። ሲስተር የምሥራች ወዲያው መርፌ አነሣች፤ የብርነሽን ሆድ በመዳፏ እየጫነች ማሸት ጀመረች። ብርነሽ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ የሆነ ነገር አለች። ጽናት ጎንበስ አለችላት።

«ዝም አሉ» አለች ብርነሽ።

ጽናት በሩን ከፈተችው። አራቱ ሴቶች ፊታቸው በሳቅ ፈክቶ እየተሳሳሙ ነው። ምን እንደምትላቸው አላሰበችም። «አላለቀም። አታቁሙ» አለቻቸው። ሳቁ ከፊታቸው ላይ ሲወድቅ አየችው። ቀድመው የጀመሩት እትዬ ጌታነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገው፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። ሲስተርም አልከለከለችም፤ በሩንም ዝጉ አላለችም። ጽናት ተመልሳ የብርነሽን እጅ ያዘች። ቀዝቅዟል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ኋላ ስትጠየቅ አታውቅም፤ አንድ ደቂቃም፣ አንድ ሰዓትም መስሏታል። የምታስታውሰው ሲስተር የምሥራች እጇን አንሥታ ስትጠብቅ፣ ደግማ ስታይ፣ ከዚያም ወንበሩ ላይ ቁጭ ስትል ነው። «ቆመ» አለች።

ጽናት ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደጅ ያሉት ሳይነገራቸው ገና ይለምናሉ።

ብርነሽ ማቆያው ውስጥ ስድስት ቀን ቆየች። ጽናት አጥሚት ይዛላት በገባች ቁጥር ከበሩ ላይ ሆና ቀድማ የምታየው የብርነሽን ከንፈር ቀለም ነበር፤ ይህ ልማድ ብዙ ወር አልለቀቃትም። ልትወጣ ስትል ብርነሽ የክብሪት ቀፎዋን ከጓዟ አውጥታ መለሰችላት። ነጩ ክር እንዳለ ነበር። ጽናት ፈታችውና ጥቁር ልታስርበት ከኪሷ ክር አወጣች፤ ብርነሽ ሕፃኗን እያጠባች በዓይኗ ተከተለቻት።

ብርነሽ «ጥቁሩን አጥብቂው» አለች። ቀጥላም፣ ትንሽ እፍረት እየያዛት፣ «ይህችን የሚመስል ሌላ አለ?»

«አለ። ግን መጨረሻውን አላየሁትም።»

«እንግዲያው አታስሪበት» አለች ብርነሽ። «ለክርስትናዋ ስወርድ አግዳሚው ላይ አብረን እናየዋለን።»